የሚያንጠባጥብ የቤንዚን ታንከር ወደ ብየዳ ከመግባቱ በፊት

ሞተር ሳይክል በገጠር ቀበሌዎች የብዙ ሥራ መሣሪያ ከኾነ ቆይቷል። የግብርና ባለሙያው ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው የሚደርሰው፣ የእንስሳት ሐኪሙ ክትባት ይዞ የሚዘልቀው፣ አርሶ አደሩም በገበያ ቀን ከተማ ደርሶ የሚመለሰው በሞተር ነው። መንገዱ ግን ኮረኮንች ነው፤ ሞተሩም ዓመት ከዓመት ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ ከሞተሩ ሥር ያለው መሬት ረጥቦ፣ ቤቱም ቤንዚን ቤንዚን ሸትቶ ይገኛል።

ጠብታው ትንሽ ስለሚመስል ብዙዎች ችላ ይሉታል። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድ፣ 40 ጠብታም አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል ቢባል፣ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ2 ሊትር በላይ ቤንዚን ይፈስሳል። ቤንዚን ለመቅዳት ረጅም ሰልፍ በሚያዝበት አካባቢ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ኾኖም ከጉዳዩ ሁሉ የሚያንሰው የገንዘቡ ኪሳራ ነው።

የሞተሩ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳውን በደረቅ ሳሙና አሽቶ ጥቂት ቀን ይነዳል። ሳሙናው ሲለቅ ቤንዚኑን ወደ ጀሪካን ገልብጦ፣ ታንከሩን ፈትቶ፣ «ባዶ ነው» ብሎ ወደ ብየዳ ቤት ይወስደዋል። የሰው ሕይወት ለአደጋ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። ቤንዚኑ የተገለበጠለት ታንከር ለብየዳ እሳት ሲቀርብ እንደ ፈንጂ ሊፈነዳ ይችላል። ባዶ የተባለው ዕቃ ከሞላው ይልቅ የሚያስፈራበት ምክንያት ቤንዚን እንዴት እንደሚነድ ሲታወቅ ግልጽ ይኾናል።

የሚነደው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይኾን ከላዩ የሚነሣው ትነት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሚደርስ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። በጉና ወይም በጮቄ ተራራ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊትም ቢኾን ቤንዚን መትነኑን አያቆምም ማለት ነው። ናፍጣ ከዚህ ይለያል። በተለመደው የአየር ሙቀት የናፍጣ ትነት በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ለዚያ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይኖርበታል። ይህ ልዩነት በብየዳ ቤቶች ብዙ ስሕተት የሚያስከትል ይመስላል። የጭነት መኪና የናፍጣ ታንከር ደጋግሞ በይዶ ምንም ያልደረሰበት ባለሙያ በዚያው ልማድ የሞተር ሳይክሉን ታንከር ሊቀበል ይችላል። የናፍጣ ታንከር ራሱ ሲሞቅ አደገኛ ነው፤ የቤንዚኑ ግን ሳይሞቅም አደገኛ ነው።

ትነቱ የሚቀጣጠለው ደግሞ ከአየር ጋር በተወሰነ መጠን ሲደባለቅ ብቻ ነው። ከአየሩ 1 ነጥብ 4 በመቶ ገደማ ካልደረሰ አይነድም፤ ከ7 ነጥብ 6 በመቶ ገደማ ካለፈም ለመንደድ የሚበቃ አየር ስለማያገኝ አይነድም። ቤንዚን ባለበት ታንከር ውስጥ ያለው ትነት ብዙውን ጊዜ ከዚህ መጠን በላይ የወፈረ ነው። ቤንዚኑ ሲገለበጥ ግን አየር ይገባል፣ ትነቱም እየሳሳ ሊፈነዳ ወደሚችልበት መጠን ይወርዳል።

ይህ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ያስደነግጣል። 11 ሊትር የሚይዝ የተለመደ የሞተር ሳይክል ታንከር በሚፈነዳ ድብልቅ እንዲሞላ ከ1 ሚሊ ሊትር ያነሰ ቤንዚን ቢተንበት ይበቃል። ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ታንከሩን ዘቅዝቆ፣ አራግፎ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ይህቺን ጠብታ ሙሉ በሙሉ ማስወጣት አይቻልም። ላሜራዎቹ በተጋጠሙበት ስፌት ውስጥ፣ በክዳኑ አንገት ሥር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከውስጥ በተቀረፈው ዝገት ሥር ቤንዚን ተደብቆ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅም ብዙ አይረዳም፤ ቤንዚን ከውኃ ጋር አይዋሐድምና። የበያጁ እሳት ብረቱን ሲያሞቀው የተደበቀው ቤንዚን ይተንና በዚያው ቅጽበት እሳቱን ያገኛል። ታጥቦ የደረቀ ታንከር በበያጁ እጅ ላይ ሊፈነዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የሽታው መጥፋትም ዋስትና አይኾንም፤ አፍንጫ ቤንዚን ሲለምድ መለየቱን ያቆማል።

ወደ ጥገናው ከመገባቱ በፊት የሚያፈሰው በእርግጥ ታንከሩ መኾኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ አይደለም። የቤንዚን መክፈቻና መዝጊያው (ሩቢኔቶው) ከታንከሩ ጋር የሚገናኝበት ላስቲክ ይደርቅና ያሳልፋል፤ ወደ ካርቡራተር የሚወርደው ቱቦ ፀሐይና ሙቀት በዝቶበት ይሰነጠቃል፤ ካርቡራተሩ ራሱ ቆሻሻ ይዞ ከልክ በላይ ይሞላና ይፈስሳል። እነዚህ ሁሉ ያለ እሳት፣ በአነስተኛ ወጪ የሚለወጡ ዕቃዎች ናቸው። ቦታውን ለመለየት ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የታንከሩን የታች ክፍል በጨርቅ አድርቆ የጠመኔ ዱቄት መቀባት ይበቃል። ጥቂት ቆይቶ ጠመኔው የጨለመበት ቦታ የፍሳሹ መነሻ ነው። ቤንዚን ላሜራውን ተከትሎ ስለሚወርድ የሚንጠባጠብበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ አንድ ላይኾኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ የጨለመውን መስመር ወደ ላይ ተከትሎ ማየት ያስፈልጋል። ፍተሻው በቀን ብርሃን ይኹን። በክብሪት ወይም በኩራዝ ብርሃን የሚደረግ ፍተሻ የመጨረሻው ፍተሻ ሊኾን ይችላል።

ታንከሩ ራሱ ከኾነ ደግሞ ፍሳሹ ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው። አንደኛው ታንከሩ ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ቦታ በመንቀጥቀጥ የሚፈጠር ስንጥቅ ነው። ሁለተኛውና በብዛት የሚታየው ከታች በኩል በዝገት የሚመጣ የመርፌ ቀዳዳ ነው። ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከጀሪካን ጋር የገባው፣ በክዳኑ በኩል በዝናብ የሰረገው፣ ግማሽ ባዶ በኾነ ታንከር ውስጥ በሌሊት ቅዝቃዜ ጤዛ የኾነው ሁሉ ታች ወርዶ ይተኛል፣ ላሜራውንም ይበላል። ከውጭ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ስትታይ በዙሪያዋ ያለው ላሜራ አስቀድሞ ሳስቷል። አንዷ ስትደፈን በሳምንቱ ጎኗ ሌላ የምትከፈተውም ለዚህ ነው፤ በያጁ ላይ ማሳበብ አይገባም።

ስለ ሳሙናው፦ ደረቅ ሳሙና ቤንዚን ስለማያሟሟው በእርግጥ ለጥቂት ጊዜ ይይዛል። እስከ ጋራዥ ለመድረስ ጥሩ መላ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ግን ታጥቦ ይሄዳል። ማስቲካ ቤንዚን ያላላዋል። የመስኮትና የቧንቧ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው አብጦ ይላቀቃል። ሱፐር ግሉ ለጊዜው ጠንካራ ይመስላል፣ ነገር ግን ተሰባሪ ስለኾነ በመጀመሪያው ኮረኮንች መንገድ ይሰነጠቃል።

ያለ እሳት ከሚደረጉ ጥገናዎች አስተማማኙ ሁለት ቱቦ ያለው፣ ቤንዚን እንደሚችል በላዩ የተጻፈበት ኢፖክሲ ነው። ብዙዎች ሞክረውት ሳይሠራ የሚቀረው በኢፖክሲው ጥራት ብቻ አይደለም፤ ቤንዚን እየረጠበ ባለ ቀለም ላይ ስለሚለጥፉት ነው። ኢፖክሲ የሚይዘው ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ይገለበጣል፣ ታንከሩ ይፈታል፣ እሳት በሌለበት ገላጣ ቦታ ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲኾን ተደርጎ ይቀመጣል። በቀዳዳው ዙሪያ ሦስት ጣት ያህል ስፋት ያለው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ይጸዳል። ግራይንደር መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ ብልጭታው ራሱ እሳት ነው። ከዚያ በአልኮል ተጠርጎ ሲደርቅ ሁለቱ ቅባቶች በታዘዘው መጠን ተደባልቀው ይቀባሉ። በላዩ ቀጭን የፋይበር ጨርቅ ወይም ቁራጭ ላሜራ ተጭኖ እንደገና ቢቀባ መንቀጥቀጡን የበለጠ ይችላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ መቆየት አለበት፤ በደጋ ብርድ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እንዲፈጥን ብሎ ወደ ምድጃ ማስጠጋት የድካሙን ሁሉ ዋጋ ያሳጣል። በዚህ መንገድ የተሠራ የመርፌ ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። ለሰፊ ስንጥቅና ለበሰበሰ ታች ግን ኢፖክሲ መፍትሔ አይደለም። ታንከሩ ፕላስቲክ ከኾነም ኢፖክሲ አጥብቆ ስለማይይዘው መለወጡ ይሻላል።

ቤንዚን ሲገለበጥ በቱቦ በአፍ መሳብ የተለመደ ነው፤ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ጥቂት ቤንዚን ወደ ሳንባ ቢገባ ከባድ የሳንባ ጉዳት ያስከትላል። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስታውክ ማድረግ ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። የሞተር ሳይክል ታንከር ከፍ ያለ ስለኾነ ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅሎ ወደ ጀሪካን መልቀቅ ብቻ ይበቃል፤ ቤንዚኑ በራሱ ይወርዳል።

ብየዳ ግድ ሲኾን መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ላሜራው ምን ያህል ቀጭን እንደኾነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ዝገት የበላው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የኤሌክትሪክ ብየዳ እንዲህ ያለውን ላሜራ ከመድፈን ይልቅ ይበሳዋል። ስለዚህ በጋዝ ነሐስ አቅልጦ ማጣበቅ ወይም በሊድ መድፈን ይመረጣል። በሊድ ሲደፈን እሳቱ ዝቅተኛ ስለኾነ አደጋ የለውም የሚባለው ግን እውነት አይደለም። የቤንዚን ትነት ነበልባል ባይነካው እንኳ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት አካባቢ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። በእሳት የጋለ የሊድ መበየጃ ብረት ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፋል።

ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ይበየድ፣ ሥራው የሚጀምረው ከእጥበት ነው። ክዳኑና ሩቢኔቶው ይነቀላሉ። ከእሳት ርቆ፣ በሌላ ቦታ የፈላ ውኃ ከዱቄት ሳሙና ጋር ይጨመርና ታንከሩ በደንብ ይናጣል፣ ይደፋል። ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ከዚያ ውኃው አንገቱን አልፎ እስኪፈስስ ድረስ መሙላት ይጠቅማል፤ ቤንዚን ከውኃ በላይ ስለሚንሳፈፍ የቀረው በዚያው ይወጣል። ከዚህ በኋላ ዋናው ጥንቃቄ ይመጣል። ታንከሩ ቀዳዳው ከሁሉም በላይ እንዲኾን ተደርጎ ይዘቀዘቃል ወይም ይጋደማል፤ ውኃ የሚያፈስሱ ክፍተቶች ይደፈናሉ፤ ውኃው ከቀዳዳው ጥቂት ዝቅ እስኪል ድረስ ይሞላል። ትነት የሚሰበሰብበት ባዶ ቦታ በዚህ መንገድ በጣም ይጠብባል። እንፋሎቱ መውጫ እንዲያገኝ ግን ከላይ በኩል አንድ ክፍት ቦታ መቅረት አለበት፤ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ዕቃ ሲሞቅ ቤንዚን ባይኖርም ይፈነዳል። ውኃው ብረቱን ስለሚያቀዘቅዘው በያጁ ሥራው ይዘገይበታል፣ ሊያማርርም ይችላል። የሚገባው ክፍያ ተጨምሮለትም ቢኾን በዚህ መንገድ እንዲሠራ መጠየቅ የባለቤቱ ድርሻ ነው።

አንዳንድ በያጆች በውኃ ፋንታ የመኪና ጭስ ወደ ታንከሩ በቱቦ ያስገባሉ። ሐሳቡ ኦክስጅን ማስወጣት ነው፤ በመርሕ ደረጃ ስሕተት የለበትም። ችግሩ አጠገብ የሚገኘው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ናፍጣ መኾኑ ነው። የናፍጣ ሞተር ጭነት ሳይኖርበት ሲሠራ ከሚያስፈልገው በጣም የበዛ አየር ይስባል፤ የሳበው ኦክስጅን አብዛኛውም ሳይነካ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ታንከሩ በጭስ የተሞላ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ትነቱን ለማንደድ የሚበቃ ኦክስጅን አለ። የቤንዚን መኪና ጭስ ኦክስጅኑ ያነሰ ቢኾንም መርዛማ ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሰው ሊገድለው ይችላል። ውኃ ባለበት አገር የውኃውን መንገድ ትቶ ይህን መምረጥ ተገቢ አይመስልም።

ከብየዳው በኋላ ሙከራው በቤንዚን መደረግ የለበትም። ታንከሩን በውኃ ሞልቶ፣ ውጩን አድርቆ፣ ጋዜጣ ላይ አስቀምጦ ማሳደር ይበቃል። ጠዋት ወረቀቱ ከረጠበ ሥራው አልተጠናቀቀም። ወደ ጎሚስታ ወስዶ በአየር መጭመቂያ መንፋት ግን ታንከሩን ያሳብጠዋል፣ ስፌቱንም ሊቀድደው ይችላል። ውኃው ከተደፋ በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ በደንብ መድረቅ አለበት፤ የቀረ እርጥበት አዲስ ዝገት ይጀምራል።

ታንከሩ ከተፈታ ዘንድ የውስጡን ዝገት በዚያው ማጽዳት ብልህነት ነው። አቼቶ ሞልቶ አንድ ቀን ማሳደር ዝገቱን ያላቅቀዋል፤ በመካከል አንድ እፍኝ ብሎን ጨምሮ መናጥ ሥራውን ያፋጥነዋል። ብሎኖቹን ቆጥሮ ማስገባትና ቆጥሮ ማውጣት ይገባል፤ የተረሳች አንዲት ብሎን ቀሪ ዘመኗን ላሜራውን ስትፍቅ ትኖራለች። አቼቶው ከተደፋ በኋላ በውኃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ማለቅለቅ፣ ወዲያው ማድረቅና በጥቂት የሞተር ዘይት ውስጡን ማዳረስ ያስፈልጋል። እግረ መንገድም፣ ከዚህ ጥገና የቀረ ደቃቅ ዝገት ካርቡራተሩን እንዳይዘጋ የቤንዚን ማጣሪያው መለወጥ አለበት። ዝገቱ ሲጸዳ ታቹ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ከተገኘ ደግሞ መበየድ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሌላ ታንከር መፈለግ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሞተር ሳይክል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፎገራና በደንቢያ ሜዳዎች፣ በጣና ዙሪያም በመስኖ የሚያመርቱ አርሶ አደሮች የሚጠቀሙባቸው ትናንሽ የቤንዚን ውኃ መሳቢያ ሞተሮች ታንከራቸው በቀጥታ ከሞተሩ በላይ የተቀመጠ ነው። ከዚያ የሚንጠባጠብ ቤንዚን የሚያርፈው በጋለ ብረት ላይ፣ ከካንዴላው ገመድ አጠገብ ነው። ሽንኩርቱ ውኃ እየጠማው ሞተሩን ማቆም ያስቸግራል፤ ቢኾንም የሚያንጠባጥበውን እያዩ ማሠራት፣ ሳይቀዘቅዝም ቤንዚን መጨመር ማሳውንም ሰውንም ለአደጋ ያጋልጣል። የመስኖው ወቅት አልቆ ሞተሩ ሲቀመጥ ደግሞ በታንከሩ የቀረው ቤንዚን ቢወጣለትና ውስጡ ደርቆ በዘይት ቢዳረስ ለቀጣዩ ዓመት ዝገት አይጠብቀውም።

በከተማም በገጠርም ሌብነት ስለሚፈራ ሞተር ሳይክል ሌሊት ከሰው ጋር ቤት ውስጥ ያድራል። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚከብድ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወለሉን ተከትሎ እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ በበር ሥርም ያልፋል። የቡናው ከሰል፣ የዕጣን ማጨሻው፣ ኩራዙ ሁሉ ያሉት ወለል ላይ ነው። እሳቱና ሞተሩ በተለያየ ክፍል መኾናቸው ስለዚህ አያድንም። የሚያንጠባጥብ ሞተር እስኪሠራ ድረስ ሩቢኔቶው ተዘግቶ፣ አስፈላጊ ከኾነም ቤንዚኑ ወጥቶለት ከቤት ውጭ ማደር አለበት።

ድንገት እሳት ቢነሣ ውኃ መርጨት ቤንዚኑን በውኃው ላይ አንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋል። አፈር ወይም አሸዋ መበተን፣ በረጠበ ወፍራም ብርድ ልብስ ማፈን ወይም የዱቄት እሳት ማጥፊያ መጠቀም ያዋጣል። ለተቃጠለ ሰው ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ማፍሰስና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ እንጂ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ጭቃ መቀባት አይገባም። በጥገናው ወቅት ቤንዚን የነካው ልብስም ወዲያው መውለቅ አለበት፤ እስኪታጠብ ድረስም ከማድ ቤት ርቆ ውጭ ይሰቀላል።